አንድ ፊልትሮ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ የድሮን ጥቃት በስልኩ እያሳየኝ፣ «ጋሼ፣ የበረሃ ጦርነትን የሚያሸንፈው አውሮፕላን ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ። ሌሊቱን ሙሉ ግን አንድ የቦቴ ሾፌር ትዝ ሲለኝ አደረ።

በ1969 ነሐሴ ድሬዳዋ ነበርኩ፣ የተዋጊ አውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ሆኜ። የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን አቋርጦ ወደ ከተማዋ ተጠግቷል፤ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው የባቡር መስመር ተቆርጧል። ቀትር ላይ ሙቀቱ አየሩን ስለሚያሳሳው ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ጠዋት የሚያነሣውን ቦምብ ከሰዓት በኋላ አያነሣም፤ ማኮብኮቢያውም ያጥረዋል። ከጥላ የወጣ መፍቻ መዳፍ ስለሚያቃጥል አለቃችን መሣሪያውን ሁሉ በእርጥብ ጆንያ ይሸፍነው ነበር። አምላክ ነፍሱን ይማር፤ እንደ እሱ ያለ ጥንቁቅ ሰው አላየሁም።

አንድ ማታ ነዳጁን አራግፎ ባዶውን ሊመለስ የተዘጋጀ ሾፌር ወደ እኔ መጣ። «ወንድሜ፣ መኪናዋ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ፊልትሮዋን እይልኝ» አለኝ፤ የሞተሩን አየር ማጣሪያ ማለቱ ነው። አቧራውን የማራግፍበት የታመቀ አየር እዚያው አጠገቤ ነበር። ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። እኔ ግን የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነኝ፤ እጄ የጄት ሞተር ለምዷል። «እኔ የአውሮፕላን ሰው ነኝ፤ ጋራዥ ሂድ» አልኩት። እጆቼን አየ፤ «እሺ» ብሎ ሄደ። በዚያ ሰዓት የተከፈተ ጋራዥ እንደሌለ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ሲመለስ ነዳጅ እንደጫነ የኩልቢ ዳገት ላይ ቆመ። ሞተሩ አቧራ ውጦ ነበር። ንጋት ላይ የጠበቅነው ነዳጅ ከቀትር በኋላ ደረሰ። እስከዚያ ቦምብ የታጠቁ ሁለት ኤፍ-5 አውሮፕላኖች ቆመው ዋሉ፤ በሬዲዮ እርዳታ የሚጠይቅ እግረኛ ጦር ነበር። ምን እንደደረሰባቸው አልጠየቅኩም። መልሱን ፈርቼ ነው።

የዛሬ ልጆች ፍንዳታውን ደጋግማችሁ ታያላችሁ፤ ነዳጁን ማን እንዳመጣ ግን አትጠይቁም። በረሃ ላይ መኪና የሚደበቅበት ዛፍ የለም፤ የሚያስነሣው አቧራ ከሩቅ ይታያል። የእኛ ኤፍ-5ዎች የሶማሊያን ሚግ ተዋጊ አውሮፕላኖች ከሰማይ ካባረሩ በኋላ የጠላትን ስንቅ ጫኝ መኪናዎች መንገድ ላይ ይመቱ ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን በመስከረም 1970 ጅጅጋ ተያዘች። አውሮፕላን መሬት ይዞ አያድርም። ከተማዋ የተመለሰችው የካቲት 26 ቀን ነው፤ የካራማራን ተራራ በእግር፣ በታንክና በሄሊኮፕተር ተሻግረው የደረሱ፣ ኩባውያንም ያሉባቸው ወታደሮች መለሷት።

ቢሆንም ያለ አውሮፕላን ድሬዳዋ ትተርፍ ነበር የሚለኝ ካለ አልስማማም። የጠላት ታንኮች በተጠጉ ቀን ከማኮብኮቢያው የተነሡትን አውሮፕላኖች በዓይኔ አይቻለሁ።

ሾፌሩን ከጦርነቱ በኋላ አዋሽ ላይ ጠይቄ ነበር፤ የሚያውቀው አላገኘሁም። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም ነበር።

አንተ የጠየቅከኝ ልጅ፣ ቅዳሜ ጠዋት ና። የአባትህን መኪና ፊልትሮ አብረን እንፈታዋለን።