አውራዋ ሌላኛው ቀፎዎ ውስጥ አለች

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከኮምቦልቻ ዙሪያ ነው። ሁለት ዘመናዊ የንብ ቀፎ አለኝ። ከአንደኛው አውራዋ፣ ንግሥቷ ንብ፣ ጠፍታብኛለች። የአውራ እንቁላል ለብቻው ነው እንዴ? ከየት ገዝቼ ላምጣ?

መልስ፦ አብሽሩ፣ ገንዘብዎን አያውጡ። አውራዋ ሌላኛው ቀፎዎ ውስጥ አለች፤ ገና እንቁላል ናት።

የአውራና የሠራተኛ እንቁላል አንድ ነው። የሚለያቸው ምግብ ነው። እጭ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ገደማ ወተት የመሰለውን ሮያል ጄሊ ይመገባል። ከዚያ ሠራተኛዋ ማርና የአበባ ዱቄት ይቀላቀልባታል። አውራዋ ግን እስከ መጨረሻው ያንኑ ትመገባለች።

ምግብ እንዴት ይህን ያህል ይለውጣል? በንቧ ህዋስ ውስጥ ዲኤንኤ ሜቲልትራንስፌሬዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ሥራው ሜቲል የምትባል ጥቃቅን ምልክት ሳይቶሲን በተባለው የዲኤንኤ ፊደል ላይ መለጠፍ ነው። ምልክቷ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ብቻ ናት። ፊደሉ ያው ነው፤ አነባበቡ ግን ይለወጣል። እኛም «አለ»ን አላልተን ስናነብ ተናገረ ማለት ነው፤ አጥብቀን ስናነብ ደግሞ ይገኛል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ገና በተፈለፈሉ እጮች ላይ ከዚህ ኢንዛይም አንዱን ዓይነት አዳከሙት። አብዛኞቹ እጮች እስከ መጨረሻው ሮያል ጄሊ እንደተመገቡ ያህል እንደ አውራ ሆነው ወጡ። ይህ ነገር ዛሬም ያስደንቀኛል።

አሁን ወደ ቀፎዎ። መጀመሪያ አውራዋ በእርግጥ መጥፋቷን ያረጋግጡ። በየሰፈፉ ጉድጓድ አንድ አንድ ትኩስ እንቁላል ካለ አልጠፋችም። ብዙ ብዙ ካዩ ግን ሠራተኞቹ መጣል ጀምረዋል፤ ያኔ ቀጥሎ የምነግርዎ ዘዴ ብቻውን ላይበቃ ይችላል።

ከደህናው ቀፎ እንቁላልና ገና የተፈለፈሉ እጮች ያሉበትን ፍሬም (ሰፈፉን የያዘውን ክፈፍ) ይምረጡ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል፣ ጀርባዎን ለፀሐይዋ ሰጥተው ፍሬሙን አዘንብለው ይዩት። እንቁላሉ ጉድጓዱ ወለል ላይ እንደ ነጭ ክር ቁራጭ ቆሞ ይታያል። ወፍሮ ጉድጓዱን የሞላ እጭ ግን አይሆንም፤ ጊዜው አልፎበታል። ፍሬሙ ላይ የደህናው ቀፎ አውራ እንዳትኖር በደንብ ይመልከቱ፤ እሷን አብረው ካዘዋወሩ ችግሩ ወደዚያኛው ቀፎ ይዞራል። ንቦቹን በቀስታ ያራግፉና ፍሬሙን አውራ አልባው ቀፎ መሃል ያስገቡ። ደሴ ላይ ያላችሁ ደግሞ ብርዱ እንቁላሉን እንዳይጎዳው ፍሬሙን ውጭ አታቆዩት።

በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ታች የተንጠለጠለ፣ ኦቾሎኒ የሚመስል የአውራ ቤት ይሠራሉ። አይነቅንቁት። አውራ ከእንቁላል እስከ መውጣት 16 ቀን ገደማ ይፈጅባታል። ከዚያም ወጥታ ከድንጉላ (ከወንድ ንብ) ጋር መገናኘት አለባት። ስለዚህ አንድ ወር ያህል ቀፎውን አይነካኩት። ወሩ ሞልቶ እንቁላል ካላዩ ሌላ ፍሬም ይጨምሩ።