መግቢያው እምቢ ካለህ ከመሃል ጀምር

ርዕሱም ማስታወሻውም በእጅህ እያለ የመጀመሪያውን አንቀጽ ደጋግመህ እየጻፍክ የምትሰርዝ ከሆነ፣ መግቢያውን ዛሬ ተወው። በጣም እርግጠኛ የሆንክበትን አንድ ነጥብ ምረጥና ከእሱ ጀምር። ገና ያልተጻፈን ነገር ማስተዋወቅ ከባድ ነው፤ ዋናው ሐሳብ ወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ ግን መግቢያው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይመጣል።

1. ጉዳዩን ማወቅ የሚፈልግ አንድ የምታውቀውን ሰው አስብና ደብዳቤ ጻፍለት። «ያን ጊዜ የጠየቅኸኝ ነገር...» ብለህ ጀምር። ይህችን ሐረግ በኋላ ትሰርዛታለህ፤ አሁን ግን አንደበትህን ትፈታልሃለች።

2. ለ15 ደቂቃ ሳታቋርጥ ጻፍ። ቃል ከጠፋህ «እዚህ ምሳሌ ይግባ» ብለህ እለፍ። ወደ ኋላ ተመልሰህ አታርም።

3. ስታቆም የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር እያወቅኸው አቁም፤ እንዲያውም ግማሹን ጽፈህ ተወው። ነገ ከባዶ ገጽ አትጀምርም።

ከልምድ የማስጠነቅቅህ «ትንሽ ላንብብና እጽፋለሁ» ከሚለው ሐሳብ ነው። ማንበብ የሠራህ ስለሚያስመስል ቀኑን ሙሉ ይበላዋል፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምፈራው እሱን ነው። መጀመሪያ ራስህን ፈትን፦ ጉዳዩን ለሰው በሦስት ዓረፍተ ነገር በቃል ማስረዳት ከቻልክ ማንበብ አያስፈልግህም፣ ጻፍ። ካልቻልክ የጎደለህ መረጃ ነው። እንግዲያው የጎደለውን በአንድ ጥያቄ መልክ ጽፈህ የእሱን መልስ ብቻ ፈልግ፤ እንዳገኘኸው መጽሐፉን ዝጋ።