«ዊኒንግ»ን የሠራው ማነው?

ጥያቄ፦ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ፕሌይስቴሽን ቤት አለኝ። ልጆች «ዊኒንግ» የሚሉትን ጌም የሠራው ድርጅት ድሮም የኳስ ጌም ነበር የሚሠራው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም ወንድማችን! ኮናሚ ይባላል። ካገማሳ ኮዙኪ እ.ኤ.አ. በ1969 ኦሳካ ውስጥ ሲጀምረው ሥራው ሳንቲም ሲገባባቸው ዘፈን የሚያጫውቱ ማሽኖችን ማከራየትና መጠገን ነበር፤ ካንተ ሥራ ብዙም አይርቅም። ከዚያ ወደ ጌም ማሽን ገባ። በ1981 የሠራው «ፍሮገር»፣ ማለትም መኪና የሚተራመስበትን መንገድ የምታቋርጠው እንቁራሪት፣ ስሙን ከጃፓን ውጭም አስጠራው።

የሚገርመው ደግሞ፣ በ1990ዎቹ ኦሳካና ቶኪዮ ያሉት ሁለት ቡድኖቹ ለየብቻ የኳስ ጌም ይሠሩ ነበር። «ዊኒንግ ኢለቨን» የቶኪዮዎቹ ነው፤ በ1995 ነው የጀመረው። «ፔስ» የምንለውም ራሱ ነው። ከ2021 ጀምሮ «ኢፉትቦል» ተብሎ በነፃ ይወርዳል።