መልስ፦ ከኢንዲዛይን ወደ ወርድ ሲመጣ የተዘበራረቀ አማርኛ

ሰላም ወንድሜ። በኢንዲዛይን (የመጽሐፍ ገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም) የተሠራውን የአባትህን መጽሐፍ ወደ ወርድ ስትገለብጠው አማርኛው የላቲን ፊደል ሆነብኝ ብለሃል። አይዞህ፣ ጽሑፉ አልጠፋም።

መጀመሪያ ኮፒ ፔስቱን ተወው። ጠቋሚውን ጽሑፉ መሃል አስገባና ከፋይል ሜኑ ኤክስፖርት በል፤ ሪች ቴክስት ፎርማትን ምረጥ። ቦልዱና ኢታሊኩ አብሮ ይመጣል። የሚወጣው ግን ጠቋሚው ያረፈበት፣ እርስ በርሱ የተያያዘው ጽሑፍ ብቻ ነው። ለብቻው ሳጥን ውስጥ ያለ የፎቶ መግለጫ ካለ ለየብቻ ታወጣዋለህ።

ዋናው ጣጣ ፊደሉ ነው። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ከሆነ ኮምፒውተሩ ያስቀመጠው የላቲን ፊደል ነው፤ «ሀ» አድርጎ የሚያሳይህ ፎንቱ ብቻ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ማተሚያ ቤት በድሮው ቀጥሏል። ስለዚህ ወርድ ላይ ፎንቱን ኒያላ (የዩኒኮድ አማርኛ ፎንት) ብታደርገው ምንም አይፈይድም። ለዚያው ፎንት የተሠራ የዩኒኮድ መለወጫ ፈልግ። መሃል ላይ ያሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት አታስነካ፣ እነሱም ተቀይረው ትርጉም የለሽ ይሆናሉ።

ሁሉንም ከመለወጥህ በፊት አንድ ገጽ ብቻ ሞክርና ከታተመው ጋር ቃል በቃል አስተያይ። በተለይ ቁጥሮቹንና አራት ነጥቡን ልብ ብለህ እያቸው።