የጂፒኤስ ሰዓት ለምን 18 ሰከንድ ይቀድማል? ጥያቄና መልስ

ስለ ሳተላይት ሰዓት የጠየቃችሁኝን እንዲህ በአንድ ላይ ልመልስ።

ጥያቄ፦ የጂፒኤስ ሰዓት ከዓለም ሰዓት 18 ሰከንድ ይቀድማል ይባላል። ተበላሽቶ ነው እንዴ?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! የጂፒኤስ ሰዓት ቆጠራውን የጀመረው ጃንዋሪ 6 ቀን 1980 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ዕለት ከዓለም ሰዓት፣ ከዩቲሲ ጋር እኩል ነበር። ምድር ግን እንደ አቶሚክ ሰዓት ወጥ ሆና አትሽከረከርም። በአቶሚክ ሰዓት የሚቆጠረው ዩቲሲ ከምድር ሽክርክሪት ጋር ያለው ልዩነት ከ0.9 ሰከንድ እንዳያልፍ ዩቲሲ ላይ አልፎ አልፎ አንዲት ሰከንድ ትጨመራለች። ሊፕ ሰከንድ የምትባለው እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ 18 ጊዜ ተጨምራለች። ጂፒኤስ አንዷንም አልቆጠረም።

ጥያቄ፦ ለምን አይቆጥርም?

መልስ፦ ያለንበት ቦታ የሚሰላው ምልክቱ ከሳተላይት ተነስቶ እኛ ጋ እስኪደርስ በፈጀው ጊዜ ነው። የሰከንድ አንድ ሚሊዮነኛ ስህተት ርቀቱን 300 ሜትር ገደማ ያዛባል። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ መሀል ገብታ ቆጠራውን የምታቋርጥ ሰከንድ አደጋ ናት። እኔ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ስልኬ ለምን 18 ሰከንድ አይሳሳትም?

መልስ፦ ሳተላይቶቹ ልዩነቱንም አብረው ይልካሉ፤ ተቀባዩ ይቀንሰዋል። በነባሩ የጂፒኤስ ምልክት ይህ መረጃ የሚደገመው በየ12 ደቂቃ ተኩሉ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ የቆየ መሣሪያ ሲበራ ቦታውን በትክክል እያሳየ ሰዓቱን በጥቂት ሰከንድ ሊስት ይችላል። ትንሽ ጠብቁት፣ ራሱን ያርማል። ፕሮግራም የምትጽፉ ልጆች ደግሞ አደራ፣ 18ን ኮዱ ውስጥ ቋሚ አድርጋችሁ አትጻፉ። ከምልክቱ አንብቡት።

ጥያቄ፦ የሌሎቹ አገሮች የሳተላይት ሥርዓቶችስ?

መልስ፦ የአውሮፓው ጋሊሊዮ እንደ ጂፒኤስ 18 ይቀድማል። የቻይናው ቤይዱ ከ2006 እ.ኤ.አ. ስለጀመረ 4 ብቻ። የሩሲያው ግሎናስ ግን ሊፕ ሰከንድን ይቀበላል።

ጥያቄ፦ የመጨረሻዋ ሊፕ ሰከንድ በእኛ አቆጣጠር መቼ ነበረች?

መልስ፦ ታኅሣሥ 23 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ሌሊት 9 ሰዓት ሊሞላ ሲል። ከ8:59:59 ቀጥሎ 8:59:60 መጣ፤ ከዚያ 9:00:00። አብዛኞቻችን ተኝተን ነበር።

ጥያቄ፦ ሊፕ ሰከንድ ሊቀር ነው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ በ2022 እ.ኤ.አ. የዓለም የመለኪያ ጉባኤ በዩቲሲና በምድር ሽክርክሪት መካከል የሚፈቀደው ልዩነት እስከ 2035 እ.ኤ.አ. ከፍ እንዲል ወስኗል። ያኔ ለረጅም ዘመን ሰከንድ መጨመር አያስፈልግም። ደስ ብሎኛል፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት የሚሠሩ ብዙ ሰርቨሮችን ያንገዳገደችው ይህችው ሰከንድ ናት።

ጥያቄ፦ ያኔ ጂፒኤስና ዩቲሲ እኩል ይሆናሉ ማለት ነው?

መልስ፦ አይሆኑም። የተፈጠረው ልዩነት ባለበት ይቆያል፤ ማደጉን ብቻ ያቆማል።