ስለ ብረት መጭመቂያ ፕሬስ ጠይቁኝ፤ ከኮምቦልቻ

ኮምቦልቻ ውስጥ ውዳቂ ብረት የሚጨመቅበት ግቢ ከገባሁ አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ብረት ስለይ፣ የቀረውን ፕሬሱ መቆጣጠሪያ ላይ ቆሜ አሳልፌያለሁ። ከደሴም፣ ከሐይቅም፣ እዚሁ ከኮምቦልቻም ፕሬስ የገዛችሁና ልትገዙ ያሰባችሁ ጠይቃችሁኛል፤ እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ። ዋጋ ብቻ አትጠይቁኝ። የብረት ዋጋ ጠዋት ሌላ፣ ማታ ሌላ ነው።

ሻጩ «ባለ መቶ ቶን ፕሬስ ነው» ይለናል። በቀን መቶ ቶን ይጨምቃል ማለት ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚበላው እዚህ ላይ ነው። ቶኑ የሚገፋበት ጉልበት ነው እንጂ የሚያመርተው አይደለም። ጉልበቱ የሚመጣው ፓምፑ ወደ ሲሊንደሩ ከሚገፋው ዘይት ነው፤ ራሳችሁም ማስላት ትችላላችሁ። የሲሊንደሩ ዲያሜትር 16 ሳንቲሜትር ከሆነ፣ ዘይቱ የሚገፋው የፒስተን ፊት 201 ካሬ ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 200 ባር ሲያሳይ በእያንዳንዷ ካሬ ሳንቲሜትር ላይ 204 ኪሎ ያህል ያርፋል። አባዙት፤ 41 ቶን ነው። ስለዚህ ሻጩን ሁለት ቁጥር ጠይቁት፤ የሲሊንደሩን ዲያሜትርና የሚሠራበትን ግፊት በባር። እነዚህን መናገር ካቃተው «መቶ ቶን» የተባለው ጎኑ ላይ የተጻፈ ቀለም ነው።

ምርቱ ሌላ ሒሳብ ነው። የተጨመቀውን እኛ ግቢ «ጡብ» እንለዋለን። የእኛ ጡብ 30 በ30 በ60 ሳንቲሜትር ሆኖ መቶ ኪሎ ይጠጋል። ያንኑ የሚያህል ድፍን ብረት ቢሆን ከ420 ኪሎ በላይ በመዘነ ነበር። ድንጋይ የሚመስለው ጡብ እንኳ ከአራት ሦስት እጁ አየር ነው ማለት ነው። ማሽኑ አንዱን ጡብ በሁለት ደቂቃ ያወጣል፤ በወረቀት ላይ በሰዓት ሦስት ቶን መሆኑ ነው። ብረቱ የሚጨመቅበትን ሣጥን የሚሞላው የሰው እጅ ከሆነ ግን ግማሹን ካገኛችሁ ጎበዞች ናችሁ።

ወንድማለም፣ ደሴ ነው ያለነው። ጠዋት ጠዋት ፓምፑ ጠጠር እንደዋጠ ይጮኻል፤ ረፋድ ላይ ዝም ይላል። ይቀየር?

አብሽር፣ ለመቀየር አትቸኩል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ዘይቱን ከታንከሩ ወደ ፓምፑ የሚገፋው ደግሞ ይኸው አየር ነው። በዚያ ላይ የጦሳ ተራራ ብርድ ዘይቱን እንደ ማር ያወፍረዋል። ፓምፑ የሚጠባው ሲያጣ ዘይቱ ውስጥ ባዶ አረፋዎች ይፈጠራሉ፤ ግፊት ያለበት ቦታ ሲደርሱ ወደ ውስጥ ይጨፈለቃሉ፤ የምትሰማው ጠጠር ያ ነው። ብረቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ዓመት ከዘለቀ ያኔ በእርግጥ ትቀይረዋለህ።

መጀመሪያ የመጥቢያውን ፊልትሮ አውጥተህ እጠብ። ከአሥሩ ዘጠኙ እዚያ ላይ ያልቃል። ቀጥሎ የመጥቢያ ቱቦው አጭርና ወፍራም መሆኑን፣ ክላምፑ አየር አለማስገባቱን እይ። ጠዋት ሞተሩን አስነስተህ ምንም ሳትጨምቅ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ዘይቱን አዙረው። ዘይቱ በውፍረት ቁጥሩ 68 ከሆነ ማሽኑ የሚፈቅድ እንደሆነ አይተህ ወደ 46 ውረድ። እኛ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ሆነን፣ በግንቦት ሙቀት ችግራችን ተቃራኒው ነው፤ ዘይቱ እየቀጠነ ጉልበት ያጣል። ሰባ፣ ሰማንያ ዲግሪ ከደረሰ የፒስተኑ ጎሚኒ (ዘይቱ እንዳያልፍ የሚይዘው ጎማ) መድረቅ ይጀምራል፤ ያኔ አቁመን ቡና እንጠጣለን።

የኛ ደግሞ ሞተሩ ሁለቴ ተቃጠለ። መብራቱ ነው?

መብራቱም ሊሆን ይችላል፤ ግን ከፍታውንም አትርሱ። የኤሌክትሪክ ሞተር ሳህኑ ላይ የተጻፈለት ጉልበት በተለምዶ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ የሚሠራ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ በደንብ አይቀዘቅዝም። ስትገዙ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ሞተር ውሰዱ። ሁለተኛ፣ መብራት ኃይል መስመር ከጠገነ በኋላ ፌዝ ተገልብጦ ሞተሩ ወደ ኋላ ሊዞር ይችላል፤ ፓምፑ ደረቁን ዞሮ ይነክሳል። የፌዝ መጠበቂያ ሪሌይ ማስገባት ከፓምፕ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ሣጥኑ ውስጥ ምን ምን አይገባም?

የተዘጋ ነገር ሁሉ። አሞርዛተር፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ የሽቶና የተባይ መርጫ ቆርቆሮ፣ የፍሪጅ ሞተር፣ ያልተከፈተ በርሜል፣ ሳልባትዮ (የመኪና ነዳጅ ታንከር)። ባዶ ነው የተባለ ሳልባትዮ ሙሉ ከሆነው የባሰ ነው፤ ውስጡ የቀረው የቤንዚን ትነት ነውና።

አንድ ቀን፣ መቆጣጠሪያውን በያዝኩ በመጀመሪያው ዓመት፣ የመኪና በር ከነሌላው እጥፍጥፉ አንድ ላይ ጣልኩ። ከስር አሞርዛተር ነበረበት። ክዳኑ ሲዘጋ ዘንጉ በጎን ስንጥቅ ወጥቶ ስድስት ሜትር ላይ ያለውን የብሎኬት ግንብ በሳ። እዚያ ግንብ ስር ሁልጊዜ ምሳውን የሚበላ ልጅ ነበረን፤ የዚያን ቀን ጁምዓ ስለሆነ መስጊድ ሄዶ ነበር። ቀዳዳውን አልደፈንነውም። አዲስ የሚቀጠር ሁሉ ጣቱን እንዲከትበት እናደርጋለን።

ከዚህ የሚከፋ ደግሞ አለ። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ከገባ ወዲህ፣ ከገጠር በጆንያ የሚመጣ ብረት ውስጥ የማይገባ ነገር ይመጣል። ቀለህ ነው፣ ባዶ ነው፣ ዝጓል፣ የሚላችሁን አትስሙ። የዛገ ፈንጂ የሞተ ፈንጂ አይደለም። ካያችሁት አታንሱት፣ አትግፉት፣ ውሃም አታፍስሱበት፤ ሰው አርቃችሁ ፖሊስ ጥሩ። ያመጣውን ልጅ አትቆጡት፤ ከተቆጣችሁት ሌላ ጊዜ ደብቆ ነው የሚያመጣው። በደህና ቃል መልሱት፤ ገንዘብ ግን አትስጡት፤ አንዴ ከከፈላችሁት ሌላ ፍለጋ ይሄዳል።

ቱቦው ላይ ቀጭን ዘይት ይተፋል፤ በእጄ ስዳብሰው ቦታውን አጣሁት።

በአላህ፣ በእግዜር፣ ዳግመኛ እንዳታደርገው! በ200 ባር ከመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ጓንትም ቆዳም ይበሳል። ሲገባ ንብ እንደነደፈህ ያህል ነው፤ ማታ ላይ እጅህ ያብጣል፤ ከዘገየህ ጣት የሚያስቆርጥ ነገር ነው። ካርቶን ይዘህ ፈልገው፤ የሚበሳው ካርቶኑ ይሁን። ከመፍታትህ በፊት ሞተሩን አጥፋ፣ ግፊቱን በቫልቩ አስተንፍሰህ ጌጁ ዜሮ መድረሱን እይ። ቆዳህ ውስጥ ከገባ ደግሞ የዚያኑ ሰዓት ሆስፒታል ሂድ፤ «በከፍተኛ ግፊት የገባ ዘይት ነው» ብለህ ንገራቸው፤ ቁስሉ ትንሽ ስለሚመስል ፕላስተር ለጥፈው ሊሸኙህ ይችላሉ።

ሣጥን ውስጥ የሚገባ ሰው ካለ ደግሞ ማብሪያው ይቆለፋል፤ ቁልፉም በገባው ሰው ኪስ ይሆናል እንጂ በእኔ ኪስ አይደለም። «ወጣሁ» የሚል ድምፅ ሰምቶ ክዳን መዝጋት የለም፤ ሰውየው በዓይን ይታይ።

ማቅለጫው ጡባችንን መለሰብን። ለምን?

ጡቡን ቆርጠው አይተውታል ማለት ነው። በአቃቂና በዱከም በኩል ያሉ ገዢዎች ተጭበርብረው ተጭበርብረው ነቅተዋል። አፈር፣ ጎማ፣ እንጨት፣ ኮንክሪት ካገኙ ሙሉ መኪናውን በዚያ ሒሳብ ይገምቱታል። እኔ የምፈራው ግን መዳቡን ነው። የሞተር ጥቅልልና ሽቦ ከብረት ጋር አንዴ ከቀለጠ የሚለየው የለም፤ ፌሮው በትኩሱ ሲሳብ ላዩ ይሰነጠቃል። ደግሞ ሞኝነትም ነው፤ መዳብን በብረት ዋጋ የሚሸጥ ማን ነው?

ውሃም አለ። ክረምት ላይ ደጅ ያደረ ጡብ ሆዱ ውስጥ ውሃ ይይዛል። የቀለጠ ብረት ስር ሲገባ ውሃው ባንዴ እንፋሎት ይሆናል፤ መጠኑ ከሺ እጥፍ በላይ ያድጋል፤ ምድጃው የፈላ ብረት ይተፋል። ስለዚህ ጡባችሁን ከጣራ ስር አሳድሩ፤ መኪና ላይም ሸራ አልብሱ።

ፌሮና ትራቬ ይጨመቃል?

አይጨመቅም፤ ይቆረጣል። ካስት አይረንም እንዲሁ፤ የሞተር ብሎክ በመዶሻ ይሰበራል እንጂ አይታጠፍም። ፕሬስ ለላሜራ፣ ለቆርቆሮ፣ ለቀጭን ነገር ነው።

ጋሼ፣ እኔ ከሸዋ በር ቆርቆሮ ሰብስቤ ነው የምሸጠው። በእግሬ ረግጬ ባመጣው ይሻለኛል?

እታለም፣ ሚዛኑ አንድ ነው። የሚቀንስልሽ የባጃጅ ሂሳብ ነው፤ ሦስት ዙር የነበረው አንድ ዙር ይሆንልሻል። የተረገጠ ጣሳ ውስጥ አሸዋ ይደበቃል ብለው የሚጠረጥሩ ገዢዎች ስላሉ ግን አፉን ክፍት አድርገሽ እርገጪው። (ጥርጣሬው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ ከአንድ ዘይት ጣሳ አራት ኪሎ የቦርከና ወንዝ አሸዋ ያወጣሁት እኔ ነኝ።)

የወደቀ የመብራት ታወር ብረት ይዘው መጡ፤ ብንገዛስ?

«ወደቀ» ያለህ ማን ነው? አትግዛ። የቴሌና የኤሌክትሪክ ኔትዎርክን የሚጠብቅ አዋጅ አለ፤ ቁጥር 464/1997። ፕሬስ ያለው ሰው ደግሞ ማስረጃ በመጨፍለቅ ነው መጀመሪያ የሚጠረጠረው። የሻጩን መታወቂያ መዝግቡ፤ መታወቂያ የማያሳይ ብረቱን ይዞ ይመለስ።

ከጨመቅን በኋላ አይሱዙ ላይ ስንት ጡብ እንጫን?

ጭነቱ ሳይሞላ ሚዛኑ ይሞላል፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ድሮ ቆርቆሮው እስከ ላይ ተከምሮም መኪናው አይከብደውም ነበር። ጡብ ግን ገና ግማሽ ሳይደርስ ሊበዛ ይችላል። ቆጥራችሁ በኪሎ ጫኑ። ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሚለምን ሹፌር አይቼ አውቃለሁ።

ፕሬሱ ደጅ ቢያድር ችግር አለው?

ጣራ ቢኖረው ጥሩ ነው፤ ከሌላችሁም ማታ ፒስተኑን ወደ ውስጥ መልሳችሁት ሂዱ። ወጥቶ ያደረ ዘንግ ጤዛ ይጠጣል፣ ክሮሙ ላይ የዝገት ነጥብ ያወጣል፤ ያቺ ነጥብ በወጣች በገባች ቁጥር ጎሚኒውን እንደ ምላጭ ትቆርጠዋለች።