ዕርዳታው አብሯችሁ አይዛወርም

ይድረስ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወደ ትልቁ የስቴት ዩኒቨርሲቲ ለመሻገር ለምትሰናዱ ልጆች፤

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምሠራ የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። ታክስ ሊያሠሩ የሚመጡ ወላጆች ብዙ ጊዜ ልጆቻቸውን ያስከትላሉ። ሥራው ሲያልቅ እናት ከቦርሳዋ የተጣጠፈ ወረቀት ታወጣና «እስቲ ይቺንም ይዩልን» ትላለች። ወረቀቱ ዩኒቨርሲቲው የላከው የፋይናንሺያል ኤይድ፣ ማለትም የትምህርት ገንዘብ ዕርዳታ ደብዳቤ ነው።

ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ወይም ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሮ ወደ ጆርጅ ሜሰን ወይም ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ መዛወር የብልህ መንገድ ነው። በዚህ የሚከራከረኝ ካለ ቡና ይጋብዘኝና እንከራከር። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ክሬዲቱ ሲዛወር ገንዘቡም ተከትሎ የሚመጣ ይመስላችኋል። አይመጣም። ፋፍሳው ላይ፣ ማለትም የፌዴራሉ የተማሪ ዕርዳታ ማመልከቻ ፎርም ላይ፣ የአዲሱን ትምህርት ቤት ኮድ የምትጨምሩት ራሳችሁ ናችሁ። አዲሱ ቢሮ ከዜሮ ተነሥቶ ያሰላል። በጥር የምትዛወሩ ደግሞ የድሮው ትምህርት ቤት የስፕሪንጉን ዕርዳታ እንዲሰርዝ ንገሩት፤ ፔል ግራንት (የማይመለሰው የፌዴራል ዕርዳታ) በአንድ ጊዜ ከሁለት ቦታ አይወሰድም። ፔል ለዕድሜ ልክ የ12 ሴሚስተር ገደብ እንዳለውም አትርሱ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሜጀር ስትቀያይሩ የበላችሁት ከዚያው ላይ ይቀነሳል።

አሁን ወደ ደብዳቤው። አንዲት ልጅ ያመጣችውን ላሳያችሁ። ፔል ግራንት 7,395 ዶላር። በልጅቷ ስም የመንግሥት ሎን 7,500። ዎርክ ስተዲ 2,500። ፓረንት ፕላስ 12,000። ከታች በደማቁ «ጠቅላላ ዕርዳታ 29,395 ዶላር» ይላል። እናትየው እልል ልትል ምንም አልቀራትም። እኔ እስክሪብቶ አንሥቼ መሰረዝ ጀመርኩ። ፓረንት ፕላስ በእናት ወይም በአባት ስም የሚወሰድ ብድር ነው፤ ወለዱም ከልጅቷ ብድር ይበልጣል። ወጣ። 7,500ውም ብድር ነው፤ ወጣ። ዎርክ ስተዲ ሠርታ የምታገኘው ደሞዝ ነው፤ የሴሚስተሩን ቢል አይከፍልላትም፣ እሱም ወጣ። የማይመለሰው ገንዘብ 7,395 ብቻ ሆነ። ብድር ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። ከ7,500ው ውስጥ 5,500ው ሰብሲዳይዝድ ነው፤ እየተማራችሁ ወለዱን መንግሥት ይሸፍነዋል። መበደር ካለባችሁ ከዚያ ጀምሩ። ብቻ ብድርን «ዕርዳታ» ብሎ የሚጽፍ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ መስመር በመስመር አንብቡት።

እኛ ቤት ግን ትልቁ መሰናክል ሂሳቡ አይደለም። ገመናን መሸፈን የሚባለው ነገር ነው።

ስንቱ አባት «ምን እንደማገኝ ለልጅ ምን ያደርግለታል?» ብሎ ፋፍሳውን አልነካም ይላል መሰላችሁ። ለእሱ የሚነገረው ይህ ነው፦ አባት የራሱን አካውንት ከፍቶ ይገባል፣ ፈቃዱን ይሰጣል፣ የታክሱ መረጃ ከአይአርኤስ፣ ከታክስ መሥሪያ ቤቱ፣ በቀጥታ ይተላለፋል። ልጁ ቁጥሩን አያየውም። ፈቃዱን ካልሰጠ ግን ልጁ የፌዴራል ዕርዳታ አያገኝም። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም አካውንት መክፈት ይችላል። ይህ ወላጆቻቸው አዲስ አበባ ሆነው አጎት ቤት ለሚኖሩ ልጆች ወሳኝ ነው። አጎት በሕግ በጉዲፈቻ ካልወሰዳቸው ገቢው አይቆጠርም፤ የሚጠየቁት እናትና አባት ናቸው። «ወጥቼ ብቻዬን ተከራይቻለሁ፣ ራሴን ችያለሁ» የምትሉም አላችሁ። 24 ዓመት ካልሞላችሁ፣ ካላገባችሁ፣ ልጅ ካላሳደጋችሁ ወይም ሌላ የተለየ ምክንያት ከሌላችሁ ፎርሙ አሁንም የወላጅ ልጅ አድርጎ ነው የሚያያችሁ።

የ2026–27 ፋፍሳ የሚያየው የ2024ን ታክስ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራ የጠፋበት፣ የታመመ፣ የተፋታ ስንት ቤተሰብ አለ። ፎርሙ ይህን አያውቅም። የፋይናንሺያል ኤይዱ ቢሮ ግን ሁኔታውን አይቶ ሂሳቡን የማስተካከል ሥልጣን በሕግ ተሰጥቶታል። ጠያቂ ነው የሚፈልገው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? እናንተ ግን ይሉኝታ ይይዛችኋል። «የቤታችንን ጉድ ለፈረንጅ?» ትላላችሁ። እዚያ የተቀመጠው ሰው እንዲህ ያለውን ሲያነብ ነው የሚውለው፤ አይደንቀውም።

ለቢሮው የምትጽፉት የአቤቱታ ደብዳቤ አጭር ይሁን። «አባቴ በ2024 ሁለት ሥራ ይሠራ ነበር። ባለፈው ኦገስት ወገቡን ታምሞ አንዱን አቆመ። ገቢያችን በዚህን ያህል ቀነሰ። የሐኪሙ ወረቀትና የመጨረሻው የደሞዝ ደረሰኝ ተያይዟል።» በቃ። ለቅሶ አያስፈልገውም። ለአገር ቤት ዘመድ የምትልኩትን ፎርሙ አይጠይቅም፤ ደብዳቤው ላይ ብትጽፉት ግን ነውር የለውም። መቀበልም አለመቀበልም የእነሱ ነው።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልበል። ሜሪላንድ ለስቴቱ ዕርዳታ የማመልከቻው የመጨረሻ ቀን ማርች 1 ነው። ቨርጂኒያ ለትራንስፈር ተማሪዎች የሚሰጠው ግራንት አለ፤ የኮሚዩኒቲ ኮሌጁን የሁለት ዓመት (አሶሼት) ዲግሪ ስለሚጠይቅ ሳትጨርሱ አትውጡ። የጃክ ኬንት ኩክ ፋውንዴሽን የትራንስፈር ስኮላርሺፕ በዓመት እስከ 55,000 ዶላር ይደርሳል። ፉክክሩ ከባድ ነው፤ ማመልከቻው ግን በነፃ ነው፣ ውጤታችሁ ጥሩ ከሆነ ሞክሩ። በዲቪ የመጣችሁ ግሪን ካርዱ ይበቃችኋል። አሳይለም (ጥገኝነት) የተፈቀደላችሁም ፋፍሳ ትሞላላችሁ። ጉዳያችሁ ገና እየታየ ከሆነ የፌዴራሉ አይሆንም፤ ቢሆንም ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ፋፍሳ ለማይችሉ ልጆች የየራሳቸው ማመልከቻ አላቸው። አማካሪያችሁን በዚያ ላይ ጠይቁ።

አቤቱታ ካስገባችሁ መልሱ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ቢሉ ደግሞ አይጠብቅም። ቀኑ ሳያልፍ የቢሉን ክፍል ደውላችሁ ፔይመንት ፕላን ጠይቁ፤ ብዙ ቦታ በየወሩ ከፋፍሎ የመክፈል ዕድል አለ። ክሬዲት ካርድ አትምዘዙ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች በካርድ ለሚከፍል ተጨማሪ ክፍያ ይጥላሉ። የምታናግሩትን ሰው ስም ጻፉ፣ የላካችሁትን ወረቀት ኮፒ አስቀሩ፣ በሳምንቱ መልሳችሁ ደውሉ።